ሉዊ ፓስተር ማን ነበር?

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የዚህ ወር መጽሔት ይኸው ደረሰ። ለእኔ የደረሰኝ የታዋቂ ሰዎች ታሪክ የሚለው ዓምድ ነው። የማን ታሪክ ይሻላል ብዬ ብዙ ካሰብኩ በኋላ በዚህ ወር ከምንማረው ትምህርት ጋር የሚሄድ ሰው መረጥኩ።

እኛ 7ኛ ክፍሎች በአጠቃላይ ሳይንስ ስለ ደቂቅ ዘአካላት እየተማርን ነው። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ፣ ፈንገስ እያልን ደብተራችንን ሞልተናል። የ3ኛ ክፍል ታናናሾቻችን ደግሞ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹሕ ውሃ እየተማሩ ነው፤ በራቸው ላይ የለጠፉትን ሥዕል አይቼዋለሁ፣ ያምራል። የሁለታችንም ትምህርት ከአንድ ሰው ሥራ ጋር ይገናኛል። ይህ ሰው ሉዊ ፓስተር ይባላል።

ስሙን የማታውቁት እንዳይመስላችሁ! አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ፓስተር ፓስተር እያሉ ሲጣሩ ሁላችንም ሰምተናል። ክፍላችን ውስጥ ስጠይቅ ግን አብዛኞቹ ልጆች ሰፈሩ የተሰየመው በአንድ የጸሎት ቤት አገልጋይ ስም ይመስላቸው ነበር። እንደዚያ አይደለም። የሰውየው የአባቱ ስም ነው፤ ሰውየውም ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ነው።

የቆዳ ፋቂው ልጅ

ሉዊ ፓስተር የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ ዶል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 ነው። በእኛ አቆጣጠር ስቀይረው ታኅሣሥ 19 ቀን 1815 ዓ.ም. ሆነ። የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ማለት ነው። በአገራችን ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበር።

አባቱ መጀመሪያ የናፖሊዮን ወታደር ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ ቆዳ እያለፋ ይሸጥ ጀመር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ አገር ድሮ ቆዳ የሚፍቅ፣ ብረት የሚቀጠቅጥና ሸክላ የሚሠራ ሰው ይሰደብ እንደነበር በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። አሁንም በእረፍት ሰዓት አንዳንድ ልጆች ፋቂ የሚለውን ቃል ለስድብ ሲጠቀሙበት እሰማለሁ። እንግዲህ በዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው ያዳነው ሰው የቆዳ ፋቂ ልጅ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምንም አልልም።

ሉዊ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ አርቧ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። እዚያ ነው ያደገው። በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ጎበዝ የሚባል አልነበረም፣ መካከለኛ ነበር። የሚወደው ሥዕል ነበር። የእናቱን፣ የአባቱንና የጎረቤቶቹን መልክ በቀለም ይሥል ነበር፤ ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ አሉ።

የ8 ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ነገር ተፈጠረ። ያበደ ተኩላ ከጫካ ወጥቶ በአካባቢው ብዙ ሰው ነከሰ። ያን ጊዜ ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለም። ሰዎቹ የሚወሰዱት ወደ አንጥረኛው ቤት ነበር። እዚያ በእሳት የጋለ ብረት ቁስላቸው ላይ ይደረጋል። ትንሹ ሉዊ ይህን አይቷል፣ ጩኸታቸውንም ሰምቷል። ከተነከሱት ውስጥ የሞቱ ነበሩ። ይህን ነገር ልብ በሉት፣ ወደኋላ ያስፈልገናል።

በ15 ዓመቱ ትምህርቱን እንዲቀጥል ወደ ፓሪስ ተላከ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤተሰቡ ናፈቀውና በጥቂት ሳምንት ውስጥ አባቱ መጥቶ ወደ ቤት መለሰው። በኋላ ሌላ ቦታ ተምሮ ፈተና ሲወስድ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ የሚል ነበር። በዓለም የታወቀው ኬሚስት እኮ ነው! ፓሪስ ወደሚገኘው ትልቁ የመምህራን ትምህርት ቤት መግቢያ ሲፈተንም አልፎ ነበር፤ ግን ደረጃው ዝቅ ያለ ስለመሰለው አልገባም አለ። አንድ ዓመት አጥንቶ እንደገና ተፈተነና በተሻለ ደረጃ ገባ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ከአሁኑ ለሚያስፈራን ልጆች ይህ ጥሩ ትምህርት ነው ብዬ አስባለሁ።

እርሾው ውስጥ ምን አለ?

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1849 ማሪ ሎራን የምትባል ሴት አገባ። ማሪ ቤት ብቻ የምትጠብቅ አልነበረችም። ማታ ማታ እሱ የሚነግራትን ትጽፍለት ነበር፣ የሥራው ረዳት ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1854 ሊል በምትባል የፋብሪካ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የአልኮል ፋብሪካ ባለቤት ችግሩን ይዞ መጣ። ስኳር ከሚወጣበት ሥር አልኮል ይሠራል፤ አንዳንዱ በርሜል ደህና ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይሆመጥጥና ይበላሻል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፓስተር ከሁለቱም በርሜል እየቀዳ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በደህናው ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ሕዋሳት አየ። በተበላሸው ውስጥ ግን ከእነሱ በጣም ያነሱ፣ ዘንግ የሚመስሉ ሌሎች ፍጥረታት ነበሩ።

ይህን ሳነብ እናቴ ሊጥ ስታቦካ አሰብኩ። እርሾ ጨምራ ሁለት ሦስት ቀን ታቆየዋለች፤ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ አረፋ ያወጣል። ጠላም ጠጅም እንደዚሁ ነው። እናቶቻችን ነገሩን ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ያውቁታል። ፓስተር ደግሞ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ እንደሚያወጣ አሳየ። ሌላ ዓይነት ተህዋሲ ሲገባበት ደግሞ ይበላሻል።

ከዚያ ወይን ጠጅ እንዳይበላሽ መፍትሔ ፈለገ። ወይኑን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ማሞቅ የሚያበላሹትን ተህዋስያን እንደሚገድል፣ ጣዕሙን ግን እንደማያጠፋ አገኘ። ዛሬ ይህ ዘዴ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ለወተት ነው። የታሸገ ወተት ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ፓስቸራይዝድ የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ቃሉ ከእሱ ስም የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ወተቱ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰኮንድ ሞቆ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ጠመዝማዛ አንገት ያለው ጠርሙስ

በዚያን ዘመን ብዙ ሰዎች፣ የተማሩትም ጭምር፣ ተህዋስያን ከምንም ተነስተው በራሳቸው ይፈጠራሉ ብለው ያምኑ ነበር። ምግብ ሲበላሽ ተህዋስያኑ ከምግቡ ከራሱ ወጡ ይባላል። ፓስተር ግን ከአየር፣ ከአቧራ ጋር ነው የሚመጡት አለ። ማለት ብቻ ሳይሆን በሙከራ አሳየ። ሙከራው ቀላል ስለሆነ እነግራችኋለሁ።

ጠርሙስ ውስጥ እንደ መረቅ ያለ ፈሳሽ ጨመረ። የጠርሙሱን አንገት በእሳት እያሞቀ እንደ ዝይ አንገት ጠመዘዘው፣ ጫፉን ግን አልደፈነውም። ፈሳሹን አፈላው። አየር በአንገቱ በኩል ይገባል፣ አቧራው ግን ጥምዝማዛው ላይ ይቀራል። ፈሳሹ ለወራት ሳይበላሽ ቆየ! ጠርሙሱን አጋድሎ ፈሳሹ አቧራው ያለበትን ቦታ እንዲነካ ሲያደርግ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ተበላሸ።

በዚህም አልረካም። እያንዳንዳቸው 20 ጠርሙስ የሆኑ ሦስት ዙር ሙከራዎች አደረገ። የመጀመሪያዎቹን 20 በገጠር ሜዳ ላይ ከፈተና መልሶ ዘጋ፤ 8ቱ ተበላሹ። ሌሎች 20 ተራራ ላይ ከፈተ፤ 5 ተበላሹ። የመጨረሻዎቹን 20 በረዶ ያለበት ከፍተኛ ተራራ ላይ ወጥቶ ከፈተ፤ 1 ብቻ ተበላሸ። አየሩ በጠራ ቁጥር ተህዋስያን ያንሳሉ ማለት ነው። የሒሳብ መምህራችን ይህን በመቶኛ አስሉት ቢሉን 40፣ 25 እና 5 በመቶ ይመጣል።

አንድ ነገር ላስተካክል። ተህዋስያንን መጀመሪያ ያየው ፓስተር አይደለም። ከእሱ በፊት ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞ ሊዩዌንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ በራሱ በሠራው ማጉያ አይቷቸዋል። የፓስተር ሥራ እነዚህ ትንንሽ ፍጥረታት ምግብ እንደሚያበላሹና በሽታ እንደሚያመጡ ማሳየቱ ነው። በጀርመን አገርም ሮበርት ኮህ የሚባል ሐኪም በዚሁ ሥራ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ብዙም አይዋደዱም ነበር። በእንግሊዝ ጆሴፍ ሊስተር የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ደግሞ የፓስተርን ጽሑፍ አንብቦ ቁስልንና መሣሪያን ተህዋስያን በሚገድል መድኃኒት ማጠብ ጀመረ። እንግዲህ የ3ኛ ክፍል ልጆች፣ በራችሁ ላይ ያለው የእጅ መታጠብ ሥዕል ከዚህ ሁሉ ሰው ልፋት የመጣ ነው።

ሦስት ሴት ልጆች

ፓስተርና ማሪ አምስት ልጆች ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1859 የመጀመሪያ ልጃቸው ዣን በ9 ዓመቷ በታይፎይድ ሞተች። በ1865 ካሚ የምትባለው የ2 ዓመት ልጅ ሞተች። በ1866 ደግሞ ሴሲል በ12 ዓመቷ እንደ እህቷ በታይፎይድ ሞተች። ሴሲል ከእኔ በአንድ ዓመት ነው የምታንሰው። ከአምስቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው።

ታይፎይድ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ ክፍላችን ውስጥ ታሞ የዳነ ልጅ አለ። በሽታው በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህ አይታወቅም ነበር። ፓስተር ስለ ተህዋስያን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ሆኖ የራሱን ልጆች ማዳን አልቻለም። እኔ ይህን ሳነብ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዎች በሽታ እንደዚያ ያለ እረፍት የሠራው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል።

በዚያው ጊዜ የሐር ትሎችን እየገደለ የነበረ በሽታ እንዲያጠና መንግሥት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ላከው። ከዚያ በፊት የሐር ትል በእጁ ነክቶ አያውቅም! ግን ተማረ፣ ገበሬዎቹም በማይክሮስኮፕ እያዩ ጤነኛውን እንቁላል እንዲለዩ አስተማራቸው። እ.ኤ.አ. በ1868፣ ገና በ45 ዓመቱ፣ ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ደህና ሆኖ አልሠራለትም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ትልልቅ ሥራዎች ሁሉ የሠራው አካል ጉዳተኛ ሆኖ ነው።

ዶሮዎች፣ በጎችና አባ ሰንጋ

እ.ኤ.አ. በ1879 ፓስተር የዶሮ ኮሌራ የሚባል በሽታ ያጠና ነበር። ተህዋሲው በጠርሙስ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ ለዶሮዎች ሲሰጥ ትንሽ ታመው ዳኑ። ለእነዚያው ዶሮዎች አዲስና ኃይለኛ ተህዋሲ ሲሰጣቸውም አልሞቱም። ፓስተር ገባው፤ የተዳከመ ተህዋሲ ሰውነትን እንዴት መዋጋት እንዳለበት ያስተምረዋል። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ የሰው ፈንጣጣን መከላከያ አግኝቶ ነበር። የፓስተር አዲስ ነገር ተህዋሲውን ራሱ በላቦራቶሪ ማዳከም መቻሉ ነው።

ከዚያ ወደ አባ ሰንጋ ሄደ። ገጠር ዘመድ ያላችሁ አባ ሰንጋን ታውቁታላችሁ፣ ከብትና በግ ድንገት የሚገድል፣ ሥጋውን የበላውንም ሰው የሚያሳምም በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1881 በሕዝብ ፊት ሙከራ አደረገ። 24 በግና 1 ፍየል ተከተቡ፤ ሌሎች 24 በግና 1 ፍየል አልተከተቡም። ላሞችም ነበሩ። ከዚያ ለሁሉም ኃይለኛው ተህዋሲ ተወጋ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰዎች፣ ገበሬዎችና ጋዜጠኞች ተሰብስበው መጡ። የተከተቡት በጎች ቆመው ሣር ይበላሉ። ካልተከተቡት አብዛኞቹ ሞተው ተዘርግተዋል፣ የቀሩትም ያን ዕለት ሞቱ።

ፓስተር ግን ፍጹም ሰው አልነበረም። ማስታወሻ ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ለቤተሰቡ ተናግሮ ነበር። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ደብተሮቹ ሲነበቡ በዚያ የበጎች ሙከራ የተጠቀመው ክትባት ሰዎች እንዳሰቡት በእሱ ዘዴ ሳይሆን ባልደረባው በሌላ ዘዴ ያዘጋጀው እንደነበር ታወቀ። ክትባቱ ሠርቷል፣ ግን እውነቱን በሙሉ አልተናገረም። የሳይንስ መምህራችን ይህንንም ጻፍ ስላሉኝ ጻፍኩ። ሳይንስ ማለት ያደረጉትን እንዳደረጉት መጻፍ ነው ይላሉ።

ሰኔ 30

አሁን ያ ያበደ ተኩላ ወደ ታሪኩ ይመለሳል። ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ማጥናት ጀመረ። የዚህ በሽታ ተህዋሲ ቫይረስ ነው። ቫይረስ ደግሞ በዚያን ጊዜ በነበረ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ፓስተር ክትባት የሠራው በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው ነገር ነው! በበሽታው የሞተ ጥንቸል ህብለ ሰረሰር ወስዶ በጠርሙስ ውስጥ ያደርቀዋል። ብዙ ቀን የደረቀው ደካማ ይሆናል፣ ትንሽ ቀን የደረቀው ኃይለኛ ነው። ከደካማው ጀምሮ በየቀኑ ወደ ኃይለኛው እየጨመሩ ሲወጉ ውሾች በሽታውን ተቋቋሙ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ ከአልዛስ ወደ ፓሪስ መጣች። ልጁ ዮሴፍ ማይስተር ይባላል። ከሁለት ቀን በፊት ያበደ ውሻ 14 ቦታ ነክሶታል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይረው ምን እንደመጣ ገምቱ። ሰኔ 30 ቀን 1877 ዓ.ም.! እኛ በየዓመቱ ካርድ የምንቀበልበት ቀን። በአገራችን ያን ጊዜ የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ።

ፓስተር ተጨነቀ። ክትባቱ ልጁን ቢገድለውስ? ካልከተበው ደግሞ በእብድ ውሻ በሽታ ሊሞት ይችላል። እሱ ኬሚስት እንጂ ሐኪም ስላልነበረ መርፌ መውጋት አይፈቀድለትም። ሁለት ሐኪሞችን አማከረ፣ እነሱም ልጁን አይተው ይሁን አሉ። ሐኪሙ ግራንሼ ወጋው። በ10 ቀን ያህል ውስጥ 13 መርፌ ተወጋ። ልጁ በቀን ሲጫወት ፓስተር ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ያድር ነበር። ቀናት አለፉ፣ ሳምንታት አለፉ፣ ዮሴፍ አልታመመም። አድጎም የፓስተር ተቋም ጥበቃ ሆኖ ሠራ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ዣን ባፕቲስት ዡፒ የሚባል የ15 ዓመት እረኛ ደግሞ መጣ። ያበደ ውሻ ወደ ትንንሽ እረኞች ሲሮጥ እሱ መሐል ገብቶ በባዶ እጁ ተናነቀው፤ ልጆቹ አመለጡ፣ እሱ ግን ክፉኛ ተነከሰ። ከተነከሰ በ6ኛው ቀን ሕክምና ጀምሮ ዳነ። ፓሪስ ያለው ተቋም ግቢ ውስጥ ይህ እረኛ ከውሻው ጋር ሲታገል የሚያሳይ ሐውልት ቆሞለታል።

ሁሉም ግን አልዳነም። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ የመጣችው ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ ነበር። ፓስተር እንደዘገየች ያውቃል፣ ሆኖም ወላጆቿ ሲለምኑት እምቢ ማለት አልቻለም። ሞተች። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ ያበደ ተኩላ የነከሳቸው 19 ሰዎች ከሩሲያ ድረስ መጡ፤ 16ቱ ዳኑ።

ይህ እኛን ምን አገባን?

በጣም ያገባናል። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ውሻ ነክሶት ነበር። እሱ ግን ለሁለት ቀን ደበቀን። ለምን? ውሻውን መጀመሪያ በድንጋይ የመታው እሱ ስለነበረ እገረፋለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። እናቴ ልታጥበው ሱሪውን ስታወልቅ ነው ያየችው። ከዚያ ቤቱ ተረበሸ። አንዱ ጎረቤት ባለቤት ያለው ውሻ ስለሆነ ምንም አይልም አለ። ሌላዋ ሥር የሚሰጡ ሴትዮ አውቃለሁ አለች። አያቴ ብቻ ከመቀመጫቸው ተነስተው ነጠላቸውን አጣፉ፤ በልጅነታቸው በአገራቸው በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ስላዩ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ካልሄደ እኔ አዝዬው እሄዳለሁ አሉ። ወንድሜ መርፌውን በሙሉ ጨርሶ ዛሬ 2ኛ ክፍል ነው፣ አሁን ሜዳው ላይ ኳስ እየተጫወተ ይሆናል።

ስለዚህ እባካችሁ ይህን ያዙ። ውሻ ወይም ድመት ሲነክሳችሁ ወይም ሲቧጭራችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተም ቢሆን፣ አትደብቁ። ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ክትባት ከተጀመረ ሁሉንም ቀጠሮ ጨርሱ። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ወላጆችም መምህራንም፣ ልጅ ተነከስኩ ሲል ቁጣውን ለነገ አቆዩልን። ቤታችሁ ውሻ ካለም አስከትቡት።

የፓስተር መጨረሻ

ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ ሰዎች ከብዙ አገር ገንዘብ አዋጡ፤ ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1888 ተመረቀ። ፓስተር በምረቃው ቀን ደስታና እንባ ስለያዘው ንግግሩን ልጁ አነበበለት።

ሉዊ ፓስተር በ72 ዓመቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1895 አረፈ። በእኛ መስከረም 18 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ የመስቀል ማግስት። በዚያው ወር አፄ ምኒልክ የአድዋን የክተት አዋጅ አስነግረው ነበር። አስከሬኑ በስሙ በተሠራው ተቋም ውስጥ አርፏል።

የተቋሙ ቅርንጫፎች በብዙ አገሮች ተከፈቱ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችንም የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጉለሌ ያለው ሰፈር ፓስተር የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። የእብድ ውሻ ክትባትም ለብዙ ዓመታት እዚያ ሲመረት ኖሯል።

እስቲ መልሱ!
1. ፓስተር የጠርሙሱን አንገት የጠመዘዘው ለምንድን ነው?
2. ወተት በማሞቅ ከተህዋስያን የሚጠበቅበት ዘዴ ምን ይባላል?
3. ውሻ ቢነክሳችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

መልሱን ስምና ክፍላችሁን ጽፋችሁ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ባለው የክበባችን ሳጥን አስገቡ። ሦስቱንም ቀድሞ የመለሰ ተማሪ ስሙ በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን ይነገርለታል፣ አንድ ደብተርም ይሸለማል። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ለሽልማቱ ብቻ ብላችሁ አትመልሱት፤ ዛሬ ማታ ለታናናሾቻችሁም ንገሯቸው።

በሚቀጥለው ወር እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል